የካርታው ሰማያዊ

«ሱሪናም» ስላቸው በስልክ፣ ካሉበት ሩቅ፣
«አፍሪካ ነው? እስያ?» ይሉኛል በሳቅ።
አልፈርድም። እኔስ ብሆን፣ እዚሁ ተወልጄ፣
ሠላሳ አራት ዓመት ጠረፉን ለምጄ፣
ጀርባዬን ለደኑ፣ ፊቴን ለመርከብ፣
ፖስታ ቤት ተቀምጬ የሰው አገር ቴምብር ስሰበስብ፣
ካገሬ የማውቀው ጥለቱን ብቻ ነው፤
ቀሚሱን ማን አይቶት? አረንጓዴ ነው አሉ፣ ማለቂያ የሌለው።

ዘንድሮ ግን ቆረጥኩ።
ነሐሴ ሲገባደድ፣ ዝናቡ ሲሰክን፣
አስፋልቱ እስኪያልቅ በመኪና፣ ከዚያ በታንኳ ስድስት ቀን።
ካርታ ገዛሁ፤ ሰፊ ነው፣ ጠረጴዛ አይበቃው፣
እንደ ግልገል ድመት ይጠቀለላል ስነካው፤
አራት ጥጉን ያዝኩት ባገኘሁት ነገር፦
የጨው ብልቃጥ፣ መዶሻ፣ የእናቴ መነጽር፣
በአራተኛው ጥግ ላይ አንድ የበሰለ ማንጎ።

እናቴ ቱኪነም፣ ያለ መነጽሯ፣ ወንዙን በጣቷ ዳብሳ
ከአፉ እስከ ምንጩ ሄደች፤ ተመለሰች፤ ጠየቀችኝ ድምጿን ቀንሳ፦
«እባቡስ ይሁን፤ ወባውም ክኒን አለው፤
ለመሆኑ ልጄ፣ ሽንት ቤቱ የት ነው?»

ራምጃን ሱቅ ሄድኩኝ ዝርዝሬን ጨብጬ፦
ሁለት መረብ አልጋ፣ «አንዱ ቢበጠስስ?» ብዬ ነው አብልጬ፤
አጎበር፣ ሰርዲን፣ ሩዝ፣ ሃያ ክንድ ገመድ፣
ለመንደሩ ሹም ደግሞ ሩም፣ ባዶ እጅ አይኬድ።
ራምጃን ደመረ፤ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ፤
«ዱቤ የለም» አለ፣ «ለሚሄድ ወደ ጫካ።»

አሲፔይ የመጣው ሐሙስ ነው፣ በምሽት፣
ድንጋይ የሞተሩን ክንፍ በልቶት፣ ሌላ ሊገዛለት።
ፏፏቴውን በስም፣ ቋጥኙን በጠባይ የሚያውቅ ታንኳ ነጂ።
ተቀመጠ፤ አየ፤ ዝም አለ፤ ርቦት መሰለኝ፣
ማንጎውን አንስቶ ልጦ ይበላ ጀመር፤
ካርታውም ተጠቀለለ፣ አገሬን ሸሸገብኝ።

መልሶ ሲዘረጋው ጣቱ ጭማቂ ያንጠባጥባል፤
መሐል ላይ፣ ሰማያዊው ጋ ቆመ፤ «ይሄን ማን ቀባው?» ይላል።
«ሐይቅ ነው» አልኩት፣ «የግድቡ፤ ይኸው ስሙም አለ።»
«ሐይቅ?» አለ። «የእናቴ ጓዳ ነው» አለ።
ዛፎቹ እንደቆሙ ሞተው፣ ቅርንጫፋቸው ከውሃው በላይ
አጥንት መስሎ እንደሚታይ፣
አሳ አጥማጅ መረቡን በነሱ ደጃፍ እንደሚጥል፣
መቃብሩም፣ የካሳቫው እርሻም፣ እዚያው ሥር እንደሚውል
ቀስ ብሎ ነገረን።
ከዚያ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ።
«ጥሩ ይበራል» አለ።
መብራቱ ከየት እንደሚመጣ እኔም እናቴም እናውቃለን።
እናቴ ሌላ ማንጎ ላጠችለት።

ዕቅዱን ያን ማታ በላጲስ ፋቅነው፤ በእርሳስ ጻፍን አዲስ፦
አንደኛ ቀን፣ ሐይቁ። እሱ ባለው ቦታ ሞተሩ ይቆማል።
ሩሙ ከሁለት ይከፈላል፤ ግማሹን ውሃው ይጠጣል፤
የተረፈው ለሹሙ። የወንዙ ጉዞ ከዚያ ይቀጥላል።
«ምን ያህል እንቆማለን?» አልኩት።
ትከሻውን ሰበቀ።

ጧት፣ ወደ ሥራ ሳልሄድ፣ ወጥ ቤቱ ገና ጨለማ ሳለ፣
ካርታው ላይ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ተንቀሳቀሰ።
ጉንዳን ነው። ከጠረጴዛው እግር ወጥቶ፣ በወንዙ ተሰልፎ ሽቅብ፣
ገመድ የለው፣ አጎበር የለው፣ ማንጎው ወደ ደረቀበት ሰማያዊ
እየደረሰ ይከብ፣ እየደረሰ ይከብ።
ላራግፈው መዳፌን አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩት።